ሙዓመላት፦ መኪና ተኮናትሮ መቅረትና የቀብድ ነገር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ዓምዳችን ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድርና ስለ ሽርክና በየጊዜው ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ የሚታይ፣ ግን ያልገባበት ቤት የሌለ ነው። ለኒካሕ፣ ለዚያራ፣ ወይም በሽተኛ ሐኪም ቤት ለማድረስ መኪና ኮንትራት ይያዛል፤ ቀብድም ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ግን የያዘው ሰው ሳይናገር ይቀራል። ያን ጊዜ ቀብዱ የማን ነው? ባለ መኪናው ከቀብዱ በላይ መጠየቅ ይችላልን? ተከራዩስ «ገንዘቤን መልስ» ለማለት ሐቅ አለውን?

ጥያቄውን ያነሡልን በምሥራቅ ጎጃም፣ በባሶ ሊበን ወረዳ፣ በይጁቤ ከተማ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። የልጃቸው ኒካሕ እሑድ ሊታሰር ቀን ተቆርጦ፣ ሙሽራዋን አጅበው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱ ዘመዶችን የሚጭኑ ሁለት ሚኒባሶች በእህታቸው ልጅ በኩል ተይዘው ነበር። የእያንዳንዱ ኮንትራት 6,000 ብር፣ የተሰጠው ቀብድ ደግሞ 1,500 ብር ነው። ዓርብ ማታ የሙሽራው አያት አረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሰርጉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ለእንግዶቹ ተደወለ፤ ለአብሳዮቹ ተነገረ፤ ድንኳን አከራዩም ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ድንኳኑን ነቀለ። ለሹፌሮቹ ግን የነገረ አልነበረም። አባትየው «ልጁ ይነግራቸዋል» አሉ፤ ልጁም «አጎቴ ደውለዋል» ብሎ አሰበ። እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ መኪኖች ታጥበው፣ ሪባን ታስሮባቸው ከሐዘንተኛው ቤት ደጃፍ ቆሙ።

«አባባ፣ እኔኮ ትናንት የቢቸና ሥራ መጥቶልኝ ለእርስዎ ብዬ ነው የመለስኩት» አለ አንደኛው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ እንደምታየው ሐዘን ላይ ነን፤ የአላህ ሥራ ነው። ቀብዳችንን መልስና ሂድ» አሉት። እሱ ደግሞ ቀብዱን መመለስ ይቅርና የቀረውን 4,500 ብር ጨምረው እንዲከፍሉ ጠየቀ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቀብድ መብላት በሸሪዓችን ሐራም ነው» አሉ። ሌላው «የመንግሥት ሕግ ለባለ መኪናው ይፈርዳል» ሲሉ ተከራከሩ። ከሁለቱ ሹፌሮች አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ነበር። ክርስቲያኑ «በእናንተ ሃይማኖት የሚገባኝን ስጡኝ፣ እሱን እቀበላለሁ» አለ። ይህ ቃሉ ነው ጉዳዩን እስከ እኛ ያደረሰው። ሽማግሌዎቹ በሃይማኖታችን የሚገባው ስንት እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር አጡና!

መቼም የይጁቤ ሰው በንግድ ቃል አዲስ አይደለም። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበረች። በአጠገቧ የነበረው የባሶ ገበያም በ19ኛው መቶ ዘመን በጎጃም ከሚታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው የተመላለሰው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከዚያም ወዲያ ከእናሪያ አገር ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ዓባይን ተሻግሮ እዚህ ይደርስ ነበር፤ አሞሌ ጨውም ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ክረምት ሲገባ ዓባይ ሞልቶ መሻገሪያ ስለማይሰጥ ነጋዴው የሚነሣበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ተሰብስቦ፣ አለቃ ይዞ ነው የሚጓዘው። በዚያን ጊዜ በቅሎ ወይም አጋሰስ ለጭነት ተከራይቶ በመነሻው ቀን የቀረ ሰው ምን ያህል ሰው እንደሚያጉላላ መገመት አያስቸግርም። በቅሎው በሚኒባስ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ወደ ሸሪዓው እንግባ። በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት አለበት። ወዕድ፣ ማለትም ተራ ቃል መስጠት፣ አንድ ነገር ነው፤ ዐቅድ፣ ማለትም ውል፣ ሌላ ነገር ነው። «እሑድ እንገናኝ» ብሎ የቀረ ሰው ቃሉን አፍርሷል። ይህ ራሱ ቀላል አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ገብቶ ማፍረስን ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ አድርገው እንደቆጠሩት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ቀኑ፣ መንገዱና ዋጋው ታውቆ መኪና የያዘ ሰው ግን የገባው ውል ነው። በፊቅህ ቋንቋ ኢጃራ ይባላል፤ ይኸውም የአንድን ነገር ጥቅም ለታወቀ ጊዜ በታወቀ ዋጋ መግዛት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ መክፈቻ ያመኑትን ሲጣራ በመጀመሪያ ያዘዛቸው ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ነው። እዚያ ላይ ትልቅ ውልና ትንሽ ውል የሚል ልዩነት አልተደረገም።

የኢጃራ ነገር ሲነሣ ሂጅራን ማስታወስ ተገቢ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እና አቡበክር (ረ.ዐ.) ከመካ ሲወጡ መንገድ መሪ ተከራይተው ነበር። ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ ይባላል፤ ሰውየው በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ሁለቱን ግመሎች አስረክበውት ከሦስት ሌሊት በኋላ ሠውር ዋሻ ዘንድ እንዲመጣ ተቀጣጠሩ። ቁረይሾች ሁለቱን ለያዘ ትልቅ ሽልማት አውጀው በየመንገዱ ሲያሳድዱ፣ እሱ በሦስተኛው ሌሊት ንጋት ግመሎቹን ይዞ በቀጠሮው ቦታ ተገኘ። ታሪኩን ቡኻሪ በኪታቡል ኢጃራ ውስጥ አስፍረውታል። እስቲ አስቡት፤ ሰውየው በዚያ ንጋት ቢቀር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የይጁቤው ክርስቲያን ሹፌር ነገር በተለይ የከነከነንም ከዚህ የተነሣ ነው። እሱ በሰዓቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ የቀረነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው መኪና ይዞ ለቀረ ሰው መቀጫ ማስከፈል የፈረንጅ ፈጠራ ይመስለዋል። አይደለም። ቡኻሪ በኪታቡ ሹሩጥ ውስጥ ከኢብን ሲሪን ያስተላለፉትን እንመልከት። አንድ ሰው ግመል አከራዩን «ግመሎችህን አዘጋጅ፤ በዚህ ቀን ካንተ ጋር ካልሄድኩ መቶ ዲርሃም ይኑርህ» በማለት ተዋዋለው። ቀኑ ደረሰ፤ ሰውየው ግን አልወጣም። ነገሩ ለኩፋው ቃዲ ለሹረይሕ ቀረበ። ሹረይሕ በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ተሹመው ለብዙ ዓመታት የፈረዱ ታዋቂ ዳኛ ናቸው። የፈረዱትም ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈቃዱ በራሱ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠ ሰው ያን ሊወጣ ይገባዋል በማለት ነው። ከ1,300 ዓመታት በፊት በግመል ላይ የተፈረደው ይህ ፍርድ በቀጥታ በደጃችን የቆመውን ሚኒባስ የሚመለከት ነው።

ታዲያ ያ ሽማግሌ «ቀብድ መብላት ሐራም ነው» ያሉት ከየት አምጥተው ነው? እሳቸውም ከባዶ አልተነሡም። ቀብድ በፊቅህ ዓረቡን ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የዓረቡንን ሽያጭ እንደከለከሉ የሚገልጽ ሐዲስ በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእና በአቡ ዳዉድ ተዘግቧል። በዚህም መሠረት የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ቀብድን ይዞ መቅረትን አይፈቅዱም። ምክንያታቸውም ገንዘቡ ምትክ ሳይሰጥበት የተወሰደ፣ የሰውን ሀብት ያለ አግባብ መብላት ነው የሚል ነው። በሀገራችን በስፋት የሚታወቁት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ኢማሙ አሕመድ ግን ያን ሐዲስ ሰነዱ ደካማ ነው ብለው ቀብድን ፈቅደዋል። የተመረኮዙትም የዑመር (ረ.ዐ.) የመካ ሹም የነበረው ናፊዕ ኢብን ዐብዱል ሓሪሥ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሰፍዋን ኢብን ኡመያ ሲገዛ በተደረገው ስምምነት ላይ ነው። ዑመር ከፈቀዱ ሽያጩ ይጸናል፤ ካልፈቀዱ ለሰፍዋን አራት መቶ ይኖረዋል ተባብለው ነበር።

በዘመናችን ይህን ጉዳይ የመረመረው በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ ነው። አካዳሚው በ1985 ዓ.ም. ሰኔ ወር (በሂጅራ በሙሐረም 1414) በብሩናይ ባካሄደው 8ኛ ጉባኤው የወሰነው እንዲህ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ የታወቀ ከሆነ ቀብድ ይፈቀዳል፤ ሽያጩ ከተፈጸመ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል፤ ገዢው ከተወው ደግሞ ለሻጩ ይሆናል። ኪራይንም ከሽያጭ ጋር አንድ አድርጎታል፤ ኪራይ ጥቅምን መሸጥ ነውና። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ወር በሪያድ በተደረገው 12ኛ ጉባኤ ደግሞ የመቀጫን ነገር ተመልክቷል። ብድርና ዕዳ ባልሆነ ውል ውስጥ መቀጫ ማስገባት ይቻላል፤ የሚካሰው ግን በእርግጥ የደረሰ የገንዘብ ጉዳትና በእርግጥ ያመለጠ ትርፍ ብቻ ነው ብሏል። ውሉን ያፈረሰው ሰው ከፈቃዱ ውጭ በሆነ ምክንያት እንደቀረ ካስረዳ፣ ወይም ያኛው ወገን አንዳች ጉዳት እንዳልደረሰበት ካሳየ መቀጫው አይሠራም። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

«ከፈቃዱ ውጭ» የሚለውስ እስከምን ድረስ ነው? እዚህ ላይ የሐነፊ ሊቃውንት የሰፋ ነገር ጽፈዋል። መርጊናኒ (በ593 ሂጅራ የሞቱ) ሂዳያ በተባለው ታዋቂ ኪታባቸው የኪራይ ውል በዑዝር፣ ማለትም በበቂ ምክንያት፣ ሊፈርስ እንደሚችል ሲያስረዱ የሰጡት ምሳሌ ለእኛ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ሰው ለሰርጉ ድግስ ምግብ አብሳይ ቀጠረ እንበል፤ ከዚያ ጋብቻው ቢፈርስ የአብሳዩ ውል ይቀራል። እንደዚሁም ለጉዞ እንስሳ የተከራየ ሰው ጉዞውን ቢተው ይህ ለእሱ ዑዝር ነው። አከራዩ ግን «ሐሳቤን ለወጥኩ» ቢል አይሰማም፤ ራሱ ባይሄድ እንኳ እንስሶቹን ከሌላ ሰው ጋር መላክ ይችላልና። ሌሎቹ መዝሀቦች ከዚህ ጠበቅ ያሉ ናቸው። በሻፊዒ ሊቃውንት ዘንድ ኪራይ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ውል ነው። የተከራዩት ነገር ቀርቦ፣ የተባለው ጊዜ ካለፈ፣ ተከራዩ ባይጠቀምበትም ኪራዩ ይጠየቃል። ስለዚህ ያ ሙስሊም ሹፌር ሙሉውን 6,000 ብር መጠየቁ ዝም ብሎ ስግብግብነት ነው ተብሎ የሚጣል አልነበረም።

የመንግሥቱስ ሕግ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ሦስት አንቀጾች አሉት። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል፤ ወይም ከሒሳቡ ይታሰባል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ ውሉን ማፍረስ ቢፈልግ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የገበያው ሰው ሁሉ ይህን ሕግ ሳያነበው ያውቀዋል፤ ሆኖም ስለ መጀመሪያው እንጂ ስለ ሁለተኛው ብዙ ሲነገር አንሰማም። ቀብድ ተቀብሎ፣ የተሻለ የሚከፍል ሲመጣ «መኪናው ተበላሽቶብኛል» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሹፌር እጥፍ ሲመልስ ያየ ካለ ይንገረን! በዚሁ ሕግ ቁጥር 1792 እና 1793 ደግሞ ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ይናገራሉ። ጦርነት፣ ጎርፍ፣ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ጽኑ ሕመም ከዚያ ይቆጠራሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለይጁቤዎቹ ሽማግሌዎች የጻፍነውን እናካፍላችሁ። የአያት ሞት ለሰርጉ መቅረት ዑዝር ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ለአለመደወሉ ግን ዑዝር አይሆንም። ዓርብ ማታ የተሰማ ሞት ቅዳሜ ጠዋት ለድንኳን አከራዩ ከተነገረ ለሹፌሩም ሊነገር ይችል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቢነገረው ኖሮ ሹፌሩ የቢቸናውን ሥራ ይይዝ ነበር፤ ክሱም ባልኖረ። ስለዚህ ጉዳቱ የመጣው ከሞቱ ሳይሆን ከዝምታው ነው። አጎትና የእህት ልጅ አንዱ በሌላው ማሳበባቸው የራሳቸው የቤት ጉዳይ ነው፤ ሹፌሩን አይመለከተውም።

ጉዳቱ ግን የሁለቱም ሹፌሮች እኩል አልነበረም። አንደኛው ሌላ ሥራ መልሶ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ሙሉ የእሑድ ቀኑን አጥቷል። እሱ ቀብዱን መያዝ ይገባዋል፤ የቢቸናው ሥራ ከነዳጁ ተቀንሶ ከቀብዱ የበለጠ ያስገኝለት እንደነበር ካስረዳ ደግሞ ልዩነቱ ቢጨመርለት ፍትሕ ነው። ሙሉውን 6,000 ብር መጠየቁ ግን ያላቃጠለውን ነዳጅና ያልደከመበትን መንገድ ጭምር መጠየቅ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ማለትም ክርስቲያኑ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ መንገደኞች አግኝቶ መጫኑን ራሱ ተናግሯል። የዚያ ገንዘብ ይታሰብና ከነዳጁና ከጠፋበት ሰዓት የተረፈ ካለ ከቀብዱ ይመልስ። አካዳሚው ጉዳት ያልደረሰበት ሰው መቀጫ አይወስድም ያለውን እንድትይዙ የጠየቅናችሁ ለዚህ ነበር። ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ የለየነው በሃይማኖት ሳይሆን በደረሰባቸው ኪሳራ ልክ መሆኑን ሽማግሌዎቹ በግልጽ እንዲነግሯቸውም አደራ ብለናል። የመጨረሻው ፍርድ ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊት የሰሙት ሸኾች ነው፤ እኛ ከሩቅ ነን።

እዚህ ላይ ወጣቶቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። ዛሬ መኪና የሚይዙት በአብዛኛው እናንተ ናችሁ። ስልኩ በእጃችሁ ነው፤ ቀብዱንም በቴሌብር ወይም በባንክ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ለአንድ ዒድ ሦስት ሹፌር አነጋግሮ፣ ሦስቱንም «ያዝልኝ» ብሎ፣ በመጨረሻ በረከሰው ሄዶ ለሁለቱ ዝም ማለት እንደ ብልጠት ሲቆጠር እየሰማን ነው። ቀብድ ስላልተሰጠ ዕዳ የለብንም ትላላችሁ? ቀብድ ባይሰጥም ሰውየው በቃላችሁ ታስሯል። ያስታገሣችሁት ሰው ቀን ሐቁል ዒባድ ነው። «ኢንሻ አላህ»ንም እንዲሁ መሸሻ አናድርጋት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ከህፍ ስለ ነገ ስንናገር የእሱን ፈቃድ እንድናነሣ ያዘዘን ለመፈጸም ቆርጠን ስንነሣ ነው፤ እንደምንቀር እያወቅን የምንናገራት «ኢንሻ አላህ» ሌላ ነገር ናት። አንዳንድ ክርስቲያን ነጋዴዎች «ኢንሻ አላህ ካለህ አትጠብቀው» ሲሉ ሰምተን አፍረናል።

የመኪና ባለቤቶችም ነገር አለ። ብዙ ሰው ስለሚቀርባቸው ለአንድ ቀን ከሁለት ቤት ቀብድ መቀበል ጀምረዋል። «አንዱ መቅረቱ አይቀርም» ይላሉ። ይህ በውጭ አገርም ያለ አሠራር ነው። መኪና አከራይ ድርጅቶችና አየር መንገዶች የሚቀር ሰው እንዳለ ስለሚያውቁ ካላቸው በላይ ያስይዛሉ፤ ሁሉም ሲመጣ ታዲያ የያዘው ሰው ቆሞ ይቀራል። እነሱ ሌላ መኪና ወይም ሌላ በረራ ፈልገው ይሸኙታል። በይጁቤ ደጃፍ ሙሽራ ለብሳ ስትጠብቅ ግን ሌላ ሚኒባስ ከየት ይመጣል? የሌለህን ነገር መሸጥ ነውና ከዚህ መራቅ ይገባል።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያውቁታል። እዚያ መኪና የሚያዘው በባንክ ካርድ ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ከመረከቢያው ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ የሰረዘውን ምንም አያስከፍሉም፤ ሳይናገር ለቀረው ግን ከካርዱ ላይ ቆርጠው ይወስዳሉ። አስቀድሞ የተከፈለበት ርካሽ ኪራይ ከሆነ ገንዘቡ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ይህን የለመደ ሰው ወደ ሀገር ቤት ሲመጣ ሰው ሁሉ በቃል ብቻ ሲኮናተር ያገኛል። በ2014 ዓ.ም. «ከዒድ እስከ ዒድ» በተባለው ጥሪ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻቸውን ይጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች መኪና የያዙት በዚሁ በቃል መንገድ ነው። እዚያ መቀጫ ፈርቶ በሰዓቱ የሚሰርዝ ወንድም፣ እዚህ መቀጫ ስለሌለ ሳይናገር ቢቀር፣ ያከበረው ካርዱን ነው እንጂ ውሉን አይደለም።

ስለ ከአቅም በላይ ነገር ጥቂት እንጨምር፤ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ቤተሰብን የሚያጋጥመው ይህ ነውና። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል የተቆረጡ ሰርጎች ሁሉ ቀርተዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተከሠተው ግጭት መንገድ በድንገት የሚዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ሊመጣ ካልቻለ፣ ወይም ተከራዩ ሊወጣ ካልቻለ፣ ማንም ማንንም አልበደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ገዝቶ ከመልቀሙ በፊት መቅሰፍት የደረሰበትን ሰው በተመለከተ ሻጩ ዋጋውን እንዲተውለት ማዘዛቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለማእ ይህን መሠረት አድርገው በጋራ መከራ ጊዜ ሸክሙ በአንድ ወገን ብቻ መውደቅ እንደሌለበት ያስረዳሉ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቀን ቀብዱ ይመለስ፤ ወይም ሁለቱም ከወደዱ ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ሹፌሩ መንገድ ጀምሮ ከሆነ የነዳጁ ይሸፈንለት።

ያለ ምክንያት ውሉን መተው የፈለገ ሰው ቢመጣስ? ባለ መኪናው እሺ ብሎ ቢለቀው ይህ ኢቃላ ይባላል። የተጸጸተን ተዋዋይ ከውሉ የለቀቀ ሰው አላህ በቂያማ ቀን ስህተቱን እንደሚያነሣለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን አቡ ዳዉድና ኢብን ማጃህ ዘግበዋል። ነገር ግን ኢቃላ ባለ መኪናው በፈቃዱ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ተከራዩ «አንተ ሙስሊም አይደለህም እንዴ? መልስልኝ እንጂ» እያለ በሃይማኖት ስም የሚጨምቀው ገንዘብ ከኢቃላ አይቆጠርም።

ስንሰርዝ እንዴት እንሰርዝ? ነገሩን እንዳወቅን፣ ያንኑ ሰዓት፣ ለሹፌሩ ራሱ እንደውል። ለደላላው መንገር አይበቃም፤ ደላላው የራሱን ድርሻ ከተቀበለ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መልእክት መላክም ብቻውን አይበቃም፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ ከሆነ ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል፤ መስማቱን ከአፉ እንስማ። ምክንያቱን እውነቱን እንናገር፤ ሞት ያልደረሰበት ቤት ሞት ደረሰ ማለት ይቅር። ሌላ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ በማግስቱ ደውለን እንጠይቀው። አግኝቶ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ ቀብዱ መነጋገር ይቻላል፤ ካላገኘ ግን ስለ ቀብዱ ባናነሣ ይሻላል። እናቶች በተለይ፣ የሰርጉን ዝግጅት የምትይዙት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የሚደወልላቸውን ሰዎች ስም በምትጽፉበት ወረቀት ላይ ሹፌሩን ከእንግዶቹ አስቀድማችሁ ጻፉ። እንግዳ ሰርጉ መቅረቱን ዘግይቶ ቢሰማ ቅር ይለዋል፤ ሹፌር ዘግይቶ ቢሰማ የቀን ገቢው ይቀርበታል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ነገሩን በመጀመሪያው ቀን መጨረስ ነው። አካዳሚውም ቀብድን የፈቀደው ጊዜው የታወቀ እንደሆነ ነው። ወረቀት ላይ ጥቂት መሥመር ተጽፎ ሁለቱም ቢፈርሙበት፣ አንድ ምስክርም ቢጨመር፣ ሽማግሌ ባላስፈለገ። ለምሳሌ እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «መኪናው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በይጁቤ ይቀርባል። የኮንትራቱ ዋጋ 6,000 ብር፣ ቀብዱ 1,500 ብር ነው። ተከራዩ እስከ ዓርብ መግሪብ ከሰረዘ ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከሰረዘ፣ ባለ መኪናው ሌላ ሥራ ካላገኘ በቀር፣ ቀብዱ የባለ መኪናው ነው። ባለ መኪናው ከቀረ ቀብዱን መልሶ፣ ተከራዩ ሌላ መኪና ሲይዝ የጨመረውን ይከፍላል። በሞት፣ በጽኑ ሕመምና በመንገድ መዘጋት በወቅቱ ከተነገረ ቀብዱ ተመላሽ ይሆናል።»

ቀኑንና ብሩን እንደ ሁኔታው መቀየር ይቻላል። በእጥፍ መመለስ ፋንታ «የጨመረውን» ያልነው የደረሰውን ኪሳራ ብቻ ለመካስ ብለን ነው፤ የተለየ ስምምነት ማድረግን ሕጉም አይከለክልም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።